ገና ያልነበረውን ሙያ የመረጠው ጊፎርድ ፒንሾ

አንድ ወጣት የሕይወት ሙያውን በሚመርጥበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከእርሱ በፊት ሌሎች የሄዱበትን መንገድ ነው። ሐኪም ለመሆን የሚሻ የሕክምና ትምህርት ቤት አለለት፤ የሕግ ሰው ለመሆን የሚያስብ ዳኞችንና ጠበቆችን እያየ ያድጋል፤ የነጋዴ ልጅም ከአባቱ ሱቅ ይጀምራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት የደን ባለሙያ ለመሆን የፈለገ ወጣት ግን ትምህርት ቤት፣ ቀጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ቀርቶ በሙያው ሠልጥኖ አርአያ የሚሆነው የአገሩ ተወላጅ እንኳ አልነበረውም። ጊፎርድ ፒንሾ የመረጠው ይህንን ገና ያልነበረ ሙያ ነው። ስለዚህም የእርሱ የሕይወት ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ሙያ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚደራጅና ባለሙያውንም ምን ዋጋ እንደሚያስከፍለው የሚያሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንጣሮ ሀብትና የአባት ምክር

ፒንሾ የተወለደው ኦገስት 11 ቀን 1865 በኮነቲከት ግዛት፣ ሲምስበሪ በምትባል ከተማ ነው። የአባቱ ወገኖች ከፈረንሳይ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ የናፖሊዮን ዘመን ካበቃ በኋላ በ1816 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚልፎርድ ከተማ ሰፈሩ። አያቱ ሲሪል ፒንሾ የዘመኑን ልማድ ተከትሎ ደን የለበሰ መሬት እየገዛ፣ ዛፉን እያስቆረጠና ግንዱን በዴላዌር ወንዝ ቁልቁል እያንሳፈፈ ለገበያ በማቅረብ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር። አንዱ ደን ሲያልቅ ወደ ሌላው ይታለፋል እንጂ፣ ለተቆረጠው ምትክ መትከል ወይም ቡቃያውን መጠበቅ በዚያ ዘመን የማንም ሐሳብ አልነበረም። ደኑ ማለቂያ የሌለው ይመስል ነበርና።

አባቱ ጄምስ ፒንሾ በኒውዮርክ ከተማ የግድግዳ ወረቀት ነጋዴ ሆኖ ከበለጸገ በኋላ በመካከለኛ ዕድሜው ሥራውን ትቶ ወደ ሚልፎርድ ተመለሰ። በዚያም ግሬይ ታወርስ የሚባለውን ትልቅ የድንጋይ ቤት አሠራ። ቤቱ የቆመበት ኮረብታ በምንጣሮ የተራቆተ ስለነበረ፣ ጄምስ ፒንሾ የቤተሰቡ ሀብት ከምን እንደተገኘና በምድሩ ላይ ምን እንዳስከተለ በየዕለቱ በመስኮቱ የሚያየው ነገር ነበር። ዛፍ መትከል የጀመረውም፣ የታላቅ ልጁን የወደፊት ሕይወት በዚህ ዓይን መመልከት የጀመረውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1885 ጊፎርድ ወደ ዬል ኮሌጅ ከመሄዱ በፊት የደን ባለሙያ መሆን ይወድ እንደሆነ ጠየቀው። ጥያቄው እንግዳ ነበር፤ ምክንያቱም በአገሩ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ የሚኖር አሜሪካዊ አይታወቅም። ወጣቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዓሣ ማጥመድንና በጫካ ውስጥ ማደርን እጅግ ይወድ ስለነበር ሐሳቡን ወዲያውኑ ተቀበለ።

በዬል ደንን የሚመለከት አንድም ትምህርት አልነበረም። ስለሆነም ፒንሾ የዕፀዋትን፣ የመሬትንና የአየር ጠባይን ትምህርት እየለቃቀመ፣ ይጠቅመኛል ያለውን ሁሉ በራሱ አሰባስቦ በ1889 ተመረቀ። ምክር የጠየቃቸው አዋቂዎች አብዛኞቹ ተስፋ የሚያስቆርጥ መልስ ሰጡት። በፌዴራሉ መንግሥት የእርሻ ሚኒስቴር ውስጥ የነበረችው ትንሽ የደን ክፍል ኃላፊ፣ በፕሩስያ የሠለጠነው በርንሃርድ ፈርናው እንኳ፣ በአሜሪካ ሁኔታ የአውሮፓ ዓይነት የደን አያያዝ በቅርቡ ሊሠራ እንደሚችል አያምንም ነበር። ሀብታሙ የእናቱ አባት ደግሞ ጥሩ ገቢ የሚያስገኝ የንግድ ሥራ አቀረበለት። ፒንሾ ግን ሁሉንም ትቶ በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ተሳፈረ።

በባዕድ አገር የተገኘ ትምህርት

ለንደን እንደደረሰ የሕንድን ደኖች ያስተዳድሩ ከነበሩ እንግሊዛውያን ጋር ተገናኝቶ ወደ ዲትሪክ ብራንዲስ የሚያደርሰው የማስተዋወቂያ ደብዳቤ አገኘ። ብራንዲስ በዘመኑ ከነበሩት የደን ሊቃውንት ሁሉ የላቀ ዝና የነበረው ጀርመናዊ ሲሆን፣ በበርማ የቴክ ደኖችን ከጥፋት አድኖ ኋላም የሕንድ ደኖች ዋና ኢንስፔክተር በመሆን አገልግሎ በቦን ከተማ በጡረታ ይኖር ነበር። ይህ ሽማግሌ ወጣቱን አሜሪካዊ በደስታ ተቀብሎ በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ ወዳለው የደን ትምህርት ቤት ላከው።

በናንሲ ፒንሾ ሦስት ነገሮችን ተማረ። እነርሱም የደን አበቃቀልና አራባ፣ የደን አስተዳደር ፕላንና የደን ሕግ ናቸው። ከሁሉም በላይ ልቡን የነካው ግን ከመምህሩ ሉሲየን ቦፕ የሰማው ምክር ነበር። ቦፕ ተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ ንግግር ከማብዛት ይልቅ አንድ ደን ይዞ በሥራ እንዲያስተዳድርና ወጪውን የሚሸፍን ገቢ እንዲያስገኝ አጥብቆ መክሮታል። ብራንዲስም ከዚህ የሚመሳሰል አስተያየት ነበረው፤ አንድ የመንግሥት አካል ወይም አንድ ትልቅ ባለርስት ሥራውን ሞክሮ ውጤቱን እስካላሳየ ድረስ በአሜሪካ ምንም ሊደረግ አይችልም ባይ ነበር።

በስዊዘርላንድ ደግሞ ፒንሾ የዙሪክ ከተማ ንብረት የሆነውን ሲልቫልድ የተባለ ደን አየ። ይህ ደን ለብዙ መቶ ዓመታት በከተማይቱ እጅ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚቆረጠው ዛፍ በየዓመቱ ከሚያድገው እንዳይበልጥ ተለክቶ ስለሚሠራበት ሳያልቅ ገቢ ይሰጥ ነበር። ለአንድ አሜሪካዊ ወጣት ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር። በአገሩ ሰዎች የሚያውቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ደኑን ቆርጦ መጨረስ ወይም ፈጽሞ ሳይነኩ መተው። ሲልቫልድ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ፣ ይኸውም እየተጠቀሙ ማቆየት እንደሚቻል በተግባር አሳየው።

ብራንዲስ ትምህርቱን እንዲቀጥል ቢመክረውም ፒንሾ ለመጀመር ተቻኩሎ በ1890 መጨረሻ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከአንድ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ትምህርት ነበር የያዘው። የዚህ ችኮላ ጉድለት በኋላ በሥራው ላይ አልፎ አልፎ ቢታይም፣ ዕድሉ በሩን ሲያንኳኳ አገሩ ላይ እንዲገኝ አድርጎታል።

ከአንድ ባለጸጋ ርስት እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት

በሰሜን ካሮላይና ግዛት በአሽቪል ከተማ አጠገብ ጆርጅ ቫንደርቢልት የተባለው ባለጸጋ ቢልትሞር የሚባለውን ሰፊ ርስቱን ያቋቁም ነበር። የመናፈሻዎቹ ነዳፊ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ በዚያ በተጎሳቆለ መሬት ላይ የደን ሥራ ቢጀመር ለአገሪቱ ምሳሌ እንደሚሆን ስላመነ ፒንሾ ተጠርቶ በ1892 ሥራውን ጀመረ። ደኑ ቀደም ሲል ገበሬዎች በየቦታው የቆረጡት፣ ከብት ያሰማሩበትና እሳት የለቀቁበት ነበር። ፒንሾ ያረጁትንና የታመሙትን ዛፎች ለይቶ በማስቆረጥ፣ ቡቃያ የሚሆነውን ወጣት ዛፍ ከግንድ አወዳደቅና ከእንስሳት በመከላከል፣ ገቢና ወጪውንም በመዝገብ በመያዝ ሥራውን መራ። በ1893 በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቢልትሞርን ሥራ በሥዕልና በጽሑፍ አቀረበ። በዚያው ዓመት መጨረሻም በኒውዮርክ ከተማ የአማካሪ የደን ባለሙያ ቢሮ ከፈተ።

በዚህ ወራት ግን ከባድ ሐዘን ደረሰበት። ሊያገባት ያሰባት ሎራ ሆትሊንግ በሳንባ ነቀርሳ ታማ በፌብሩዋሪ 1894 ሞተች። ፒንሾ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በመንፈስ ከእርሷ ጋር እንደሚኖር ያምን እንደነበረና ይህንንም በየዕለቱ ማስታወሻው ይመዘግብ እንደነበረ የግል መዛግብቱ ያሳያሉ። ያገባው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ የ49 ዓመት ሰው ሆኖ ሲሆን ሚስቱ ኮርኔሊያ ብራይስም ለሴቶች የመምረጥ መብትና ለሠራተኞች ጥቅም የታገለች ሴት ነበረች። በእነዚህ የብቸኝነት ዓመታት የነበረው የሥራ ትጋት ከሐዘኑ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

በ1896 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ የምዕራብን ደኖች የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁም፣ ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ፒንሾ ነበር። በዚህ ጉዞ ከታዋቂው የተፈጥሮ ወዳጅ ከጆን ሚዩር ጋር በግራንድ ካንየን ገደል አፋፍ አብረው አደሩ። እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨዋወቱ አመሹ፤ በዚያም ፒንሾ አንድ ትልቅ መርዛማ ሸረሪት ሊገድል ሲል ሚዩር ፍጥረቱ በዚያ ቦታ የመኖር መብት እንዳለው ገልጾ ከለከለው። የሁለቱ ወዳጅነትም የሁለቱ ልዩነትም ከዚህ ትንሽ ነገር ይነበባል።

ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ የኮሚሽኑን ምክር በመከተል በፌብሩዋሪ 1897 ከ8 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን እንዲከለል አዋጅ አወጣ። የምዕራብ ግዛቶች ሰዎች እጅግ ተቆጡ፤ ከቁጣውም የተነሣ በጁን 1897 የተከለሉት ደኖች በደንብ እየተቆጣጠሩ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1898፣ ፈርናው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የደን ኮሌጅ ለማቋቋም ሲሄድ፣ ፒንሾ በ33 ዓመት ዕድሜው ገደማ የደን ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። በሹመቱም ጊዜ ኃላፊ ከመባል ይልቅ የደን ባለሙያ ተብሎ መጠራትን መረጠ። በዋሽንግተን ኃላፊ የሚባል ሰው ሞልቶ ሳለ በዚያ በሙያው ስም የሚጠራ አልነበረምና።

ሙያን ማደራጀት

ፒንሾ ሲረከበው ክፍሉ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ የነበሩት ሲሆን፣ አንድም ሄክታር ደን በእጁ አልነበረም። የተከለሉት ደኖች ሁሉ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ሆነው፣ ብዙውን ጊዜ በፖለቲካ ወገንተኝነት በተሾሙ ሰዎች ይተዳደሩ ነበር። ፒንሾ ደን ከሌለው መሥሪያ ቤት ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ብልህነቱን ያሳያል። የግል ደን ያላቸውን ባለርስቶችና የእንጨት ኩባንያዎች የደን አያያዝ ፕላን እናውጣላችሁ ብሎ ጋበዘ። ጥያቄ ጎረፈ። ሥራውን የሚሠሩ ሰዎች ስላልነበሩም ወጣት ተማሪዎችን በወር 25 ዶላር እየከፈለ በክረምት ዕረፍታቸው ወደ ጫካ ላካቸው። በድንኳን እያደሩ ዛፍ የለኩ፣ የዛፍን ዕድሜ ከጉቶው ክበብ የቆጠሩ፣ ካርታ የነደፉ እነዚህ ወጣቶች ከፊሎቹ በዚያው ቀርተው የሙያው የመጀመሪያ ትውልድ ሆኑ።

ለሙያው መኖር ትምህርት ቤት፣ ማኅበርና የሥራ ቦታ እንደሚያስፈልጉ ፒንሾ ከጅምሩ ተረድቶ ነበር። በ1900 ቤተሰቡ በሰጠው ገንዘብ የዬል የደን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲንም በቢልትሞር አብሮት የሠራው ወዳጁ ሄንሪ ግሬቭስ ሆነ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 30 ቀን ፒንሾና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቹ የአሜሪካ የደን ባለሙያዎችን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ አባሎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፒንሾ ቤት በዋሽንግተን እየተሰበሰቡ፣ የተጋገረ ፖም በወተትና በዝንጅብል ዳቦ እየበሉ ስለ ሥራቸው ይከራከሩ ነበር። የቀረው የሥራው ቦታ ብቻ ነበር።

ይህም ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1901 ፕሬዚዳንት ሲሆን ተቃረበ። ሁለቱ ሰዎች አስቀድሞ ይተዋወቃሉ። ሩዝቬልት የኒውዮርክ አገረ ገዥ ሳለ ፒንሾ ሊጎበኘው ሄዶ በትግል ሩዝቬልት፣ በቦክስ ደግሞ ፒንሾ አሸንፎ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1905 ሩዝቬልት በፈረመው ሕግ መሠረት 25 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሆኑት የተከለሉ ደኖች ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ የፒንሾም ክፍል ብዙም ሳይቆይ የደን አገልግሎት የሚል ስም አገኘ። በዚያው ዕለት በሚኒስትሩ ስም ለፒንሾ የተጻፈውን የመመሪያ ደብዳቤ የነደፈው ፒንሾ ራሱ ወይም መሥሪያ ቤቱ እንደነበረ ይታመናል። ደብዳቤው ደኖቹ ለሕዝብ ቋሚ ጥቅም እንዲውሉ፣ ጥቅሞች በተጋጩ ጊዜም ለብዙ ሰው ለረዥም ዘመን የሚበጀው እንዲመረጥ ያዛል።

የደን ዘብ የሆኑት ሰዎች አመራረጥም ተለወጠ። እጩው በጽሑፍ ከመፈተኑም ሌላ ፈረስ ኮርቻ ጭኖ መጋለብን፣ እንስሳ መጫንን፣ በኮምፓስ አቅጣጫ መለየትንና መጥረቢያ መያዝን በሜዳ ላይ ያሳይ ነበር። ለእያንዳንዱም በደረት ኪስ የምትገባ አነስተኛ የመመሪያ መጽሐፍ ታደለው። በዚህ ዓይነት፣ ኮሌጅ ለመግባት አቅም ያልነበረው የገጠር ልጅም በችሎታው ብቻ በደን ሥራ የሚተዳደርበት በር ተከፈተ። ለፒንሾ መንገዱን የከፈተለት የቤተሰቡ ሀብት ነው። ከእርሱ በኋላ ለመጡት ግን መንገዱ የደመወዝ፣ የፈተናና የዕድገት ደረጃ ያለው የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1909 ከዬል ተመርቆ በአሪዞና ደኖች ሥራ የጀመረው፣ በኋላም በተፈጥሮ ጥበቃ አስተሳሰብ እጅግ የታወቀው አልዶ ሊዮፖልድ የዚህ መንገድ ፍሬ ነው።

ትግልና ዋጋው

አዲሱ መሥሪያ ቤት ከጅምሩ ጠላት አላጣም። ከ1906 ጀምሮ በመንግሥት ደን ውስጥ ከብት የሚያሰማሩ ሰዎች የግጦሽ ክፍያ እንዲከፍሉ ተደረገ። ከዚያ በፊት በነጻ ሲጠቀሙ የኖሩ ከብት አርቢዎች ክፍያውን እንደ ግፍ ቆጠሩት። በኮሎራዶ ፍሬድ ላይት የተባለ አርቢ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በ1911 ተረታ። የምዕራብ ሴናተሮች ደግሞ በ1907 በስድስት ግዛቶች ውስጥ ፕሬዚዳንቱ አዲስ ደን እንዳይከልል የሚያግድ አንቀጽ ከእርሻ ሚኒስቴር በጀት ጋር አያይዘው አሳለፉ። በጀቱን አለመፈረም አይቻልም ነበር። ፒንሾና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ፊርማው ከመድረሱ በፊት በቀሩት ጥቂት ቀናት ቀንና ሌሊት ካርታ ላይ ተደፍተው የሚከለሉትን ደኖች ወሰን አዘጋጁ፤ ሩዝቬልትም አዋጆቹን አንድ በአንድ ፈርሞ 6.5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ከከለለ በኋላ የሚያግደውን ሕግ ፈረመ። ፒንሾ ከሥልጣን ሲወርድ ብሔራዊ ደኖቹ 70 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደርሰው ነበር።

ትግሉ ከደን ጠላቶች ጋር ብቻ አልነበረም። የሳንፍራንሲስኮ ከተማ የመጠጥ ውሃ ለማግኘት በዮሴሚቴ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን የሄች ሄቺን ሸለቆ ለመገደብ በጠየቀች ጊዜ፣ ሚዩር ሸለቆው እንደ ቤተ መቅደስ ሊጠበቅ ይገባል ብሎ ሲቃወም፣ ፒንሾ የመቶ ሺህዎች ሰዎች የውሃ ጥም ከአንድ ሸለቆ ውበት ይበልጣል በማለት ደገፈ። ኮንግረሱ በ1913 ግድቡን ፈቀደ፤ ሚዩርም በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ግድቡ በ1923 ተጠናቆ እስከ ዛሬም ለከተማይቱ ውሃ ይሰጣል። የትኛው ወገን ትክክል ነበር የሚለው ክርክር ግን ገና አላበቃም።

ሩዝቬልት በ1909 ሥልጣኑን ለዊልያም ታፍት ሲያስረክብ የፒንሾ ዘመንም ማዘቅዘቅ ጀመረ። አዲሱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሪቻርድ ባሊንጀር በአላስካ ያለውን የድንጋይ ከሰል መሬት ለታላላቅ ከበርቴዎች አሳልፎ ሊሰጥ ነው የሚል ክስ ሉዊስ ግላቪስ በተባለ የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሩን ነጻ አድርጎ መርማሪውን ከሥራ አሰናበተው። በዚህ ጊዜ ፒንሾ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ዝም ብሎ ያቋቋመውን መሥሪያ ቤት መጠበቅ ወይም ተናግሮ ቦታውን ማጣት። የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ የሚነቅፍ ደብዳቤ ለአንድ ሴናተር ጻፈ፤ ደብዳቤውም በሴኔት ፊት ተነበበ። በማግሥቱ ጃንዋሪ 7 ቀን 1910 ታፍት ከሥራ አባረረው። ጉዳዩን የመረመረው የኮንግረስ ኮሚቴ አብላጫው ድምፅ ባሊንጀርን ነጻ አወጣ፤ ሆኖም ሚኒስትሩ በ1911 ሥራውን ለቀቀ፣ የከሰሉም መሬት ይገባኛል ጥያቄ በዚያው ዓመት ተሰረዘ። በባሊንጀር ላይ የቀረበው ክስ ተጋኖ እንደነበር የጻፉ በኋላ ተነሥተዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ፒንሾ ለ12 ዓመት ገደማ የገነባውን ሥራ በ44 ዓመቱ አጣ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በኦገስት 1910፣ በአይዳሆና በሞንታና ደኖች ላይ ታላቅ ቃጠሎ ተነሣ። ኃይለኛ ነፋስ ባመጣው እሳት በሁለት ቀን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደን ነደደ፤ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም እሳቱን ለማጥፋት የተሰማሩ ነበሩ። ሐዘኑ ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ድጋፍ አስገኘለት። ፒንሾም እሳትን ፈጽሞ ማጥፋት የደን ባለሙያ ዋና ግዴታ እንደሆነ አጥብቆ ያምን ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥርተ ዓመታት ግን ይህ እምነት ሙሉ እንዳልነበረ አሳይተዋል። በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ብዙ ደኖች በተፈጥሯቸው አነስተኛ እሳት በየጊዜው የሚጎበኛቸው ስለሆኑ፣ እሳት ሁሉ በተከለከለ ቁጥር ደረቅ ቅጠልና ቁጥቋጦ ተከማችቶ በኋላ የሚነሣውን ቃጠሎ የባሰ ያደርገዋል። የነባር ሕዝቦች ለብዙ ዘመን ደንን በትናንሽ እሳት ሲያጸዱ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚህ ዕውቀት ባለቤቶች ግን በዚያ ዘመን የሚሰማቸው አልነበረም። ብሔራዊ ደን ተብሎ የተከለለው መሬት ብዙው ከእነርሱ የተወሰደ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

የኋለኛው ዘመን

ፒንሾ ከዚህ በኋላ ወደ ፖለቲካ ዞረ። በ1912 ከሩዝቬልት ጋር በፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ውስጥ ተሰለፈ፤ በ1914 ለሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1920 የፔንሲልቬኒያ የደን ኮሚሽነር ሆኖ ወደ ሙያው ተመለሰ። ከዚያም ከ1923 እስከ 1927፣ እንደገናም ከ1931 እስከ 1935 የግዛቲቱ አገረ ገዥ ሆነ። በሁለተኛው የሥልጣን ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በነበረበት ወራት፣ ሥራ ያጡ ሰዎችን በጭቃ የታሰሩትን የገጠር መንገዶች እንዲሠሩ አሰማራ። ገበሬው ምርቱን ወደ ገበያ ያወጣባቸው እነዚህ መንገዶች በስሙ ይጠሩ ነበር።

ከሥራው ጋር የማይጣጣም ገጽታም ነበረው። በዘመኑ ብዙ የተማሩ ሰዎች እንደተከተሉት ሁሉ፣ የሰውን ዘር ለይቶ ማሻሻል ይቻላል የሚለውን ኢዩጀኒክስ የተባለ የተሳሳተና ጎጂ አስተሳሰብ ደግፎ በዚሁ ጉዳይ በ1912ና በ1921 በተደረጉ ዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ተካፍሏል። ለሚመጣው ትውልድ ደን ለማቆየት የታገለ ሰው ከሚመጣው ትውልድ መካከል የማን ልጅ መወለድ እንደሚገባው ለመወሰን በተነሡ ሰዎች ወገን መገኘቱ፣ ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው የማይችል ነገር ነው።

በእርጅናው ጊዜም ሥራ አልፈታም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከባቸው ሰምጦ በጀልባ ላይ የሚንሳፈፉ ሰዎች ዓሣ አጥምደው፣ ከሥጋውም ፈሳሽ ጨምቀው በሕይወት የሚቆዩበትን መሣሪያ አዘጋጀ፤ የባሕር ኃይሉም ተቀበለው። ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ እንዲጠራ ከ1909 ጀምሮ ሲወተውት ኖሮ፣ ጉባኤው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አማካይነት የተደረገው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1949 ነው። ፒንሾ ኦክቶበር 4 ቀን 1946 በ81 ዓመቱ በደም ነቀርሳ ሞተ። የሙያውን አጀማመር የሚተርከው የሕይወት ታሪኩ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ። በ1949 በዋሽንግተን ግዛት ያለ አንድ ብሔራዊ ደን በስሙ ተሰየመ፤ በ1963ም ልጁ ግሬይ ታወርስን ለደን አገልግሎት ሰጠ።

ፒንሾ የመረመረው ሳይንስ፣ የፈለሰፈው አዲስ የደን አያያዝ ዘዴ የለም። ያወቀውን ሁሉ ያወቀው ከናንሲ፣ ከዙሪክና ከብራንዲስ ነው። የእርሱ ድርሻ ዕውቀቱን በአገሩ መሬት ላይ ተክሎ፣ ትምህርት ቤት፣ ማኅበርና መሥሪያ ቤት አበጅቶ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ወጣት በደን ሥራ ልደር ሲል የሚሄድበት ቦታ እንዲኖረው ማድረጉ ነው። የዬል የደን ተማሪዎች በየክረምቱ በሚልፎርድ ድንኳን ተክለው ከ20 ዓመት በላይ የሠለጠኑት፣ አያቱ ሲሪል ቀደም ሲል ግንድ ያወርድበት በነበረው አገር ነው። በዚያ የተራቆተ ኮረብታ ላይ ችግኝ ተተከለ፤ ዛሬም ደን ለብሶ ይታያል።